ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፋይል ክፈቱ

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ናችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። የፊት ወንበር አይነክስም።

አዘጋጆቹን በጣም አመሰግናለሁ። «ስለ ግራፊክስ ካርድ አመራረጥ ትንሽ አውራልን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይሄን ጥያቄ ለዓመታት አንድ በአንድ ስመልስ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ በጅምላ ልገላገለው ነው። (ሳቅ) በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው ስለ ሬንደር፣ ኮምፒውተሩ የሠራነውን አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ስለሚያወጣበት ሥራ፣ ይጽፍልኛል። «ወንድሜ፣ ለሬንደር የትኛውን ካርድ ልግዛ?» እኔም እጠይቃለሁ። «ምንድን ነው የምትሠራው?» «ሞሽን ግራፊክስ።» «በምን?» ዝም። ታዲያ ምን ልበለው? ሐኪም ዘንድ ሄዶ «መድኃኒት ስጠኝ» ማለት እኮ ነው። የትህን ነው የሚያምህ?

ዛሬም ደጋግሜ የምጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው። የት ነው የሚያማችሁ? ሥራችሁ የሚታነቀው የት ላይ ነው? እሱን ካገኘን ካርድ መምረጥ የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። ካላገኘነው ግን የዓለምን ትልቁን ካርድ ገዝታችሁ ያው ቦታ ትቆማላችሁ።

አራት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ የምትሠሩበት ሶፍትዌር፣ ሁለተኛ የካርዱ ሚሞሪ፣ ሦስተኛ ፍጥነት፣ አራተኛ ማንም የማይጠይቀኝ ነገር፣ ኤሌክትሪክና ሙቀት። ብዙውን ሰዓት የማጠፋው ሁለተኛው ላይ ነው፣ እኔን ራሴን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ።

እሺ፣ አንደኛ። ሶፍትዌር።

እስቲ እጅ አውጡ። አፍተር ኢፌክትስ ላይ የሚሠራ? ኧረ ብዙ ናችሁ። ብሌንደር? ሲኒማ ፎርዲ? እሺ፣ አውርዱ። አፍተር ኢፌክትስ ብላችሁ እጅ ያወጣችሁ፣ ለእናንተ ጥሩ ይሁን መጥፎ እንጃ፣ አንድ ዜና አለኝ። ብዙዎቻችሁ አዲስ ካርድ አያስፈልጋችሁም።

አዎ፣ አያስፈልጋችሁም። አፍተር ኢፌክትስ ሥራውን በዋናነት የሚጭነው ሲፒዩው ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል ላይ፣ እና ጊዜያዊ ሚሞሪው ራም ላይ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚጠቀሙ ኢፌክቶች አሉት፣ ልክ ነው። ጎሺያን ብለር፣ ግሎው፣ ሉሜትሪ ከለር እና ሌሎችም ካርዱን ይጠቀማሉ። ግን ያ ሁሉ ኤክስፕሬሽን፣ ያ ሁሉ ሼፕ ሌየር፣ ያ ሁሉ ማስክ? እሱ የሲፒዩ ዕዳ ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መልቲ ፍሬም ሬንደሪንግ የሚባል ነገር አስገብተውበታል። ብዙ ፍሬሞችን በአንድ ጊዜ ለተለያዩ የሲፒዩ ኮሮች ያከፋፍላል። ደስ ይላል፣ ግን እያንዳንዱ ፍሬም የራሱን ራም ይፈልጋል። ኮር ሞልቶ ራም ከሌለ ኮሮቹ ተራ ይጠብቃሉ። ፕሪቪው፣ ማለትም እየሠራችሁ አጫውታችሁ የምታዩት፣ እሱም ራም ይበላል።

አንድ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ ሠራተኛ። ብዙ ጊዜ አጠራቅሞ ትልቅ ካርድ ገዛ። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለልኝ፣ ድምፁ ራሱ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። «ፎርጅድ ሸጠውልኛል መሰለኝ፣ ፕሪቪው አሁንም እየተንጠባጠበ ነው።» ሄድኩ። ታስክ ማናጀርን፣ የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን፣ ከፈትን። ካርዱ ቁጭ ብሎ ያዛጋል። ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፣ እስከ አፍንጫው ሞልቷል። ካርዱ ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው። ልጁ ግን የታመመውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን ነው ያስነቀለው። ራሙን 64 ስናደርገው ፕሪቪውው ሳይንጠባጠብ ሄደ። ካርዱ? አሁንም ያዛጋል።

ልዩ ሁኔታ የለም ወይ? አለ። ኤለመንት ስሪዲ የሚባለውን ፕለጊን የምትጠቀሙ ወይም በአዲሶቹ የአፍተር ኢፌክትስ ቅጂዎች ውስጥ አድቫንስድ ስሪዲ የሚለውን ሬንደረር የምትከፍቱ፣ እነዚህ ካርድ ይበላሉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ከለር የምትሠሩ ደግሞ እናንተ ተቃራኒ ናችሁ፣ ሪዞልቭ ካርድ ይወዳል፣ ኖይዝ ሪዳክሽን ስትጨምሩበት በተለይ። ከካሜራ የሚመጣ 10 ቢት 4፡2፡2 የሚባለው ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ ቪዲዮ እየተንገጫገጨ የሚያስቸግራችሁም ካላችሁ፣ ያ የሬንደር ጉልበት ጉዳይ አይደለም። ቪዲዮውን የሚፈታው ክፍል ጉዳይ ነው። ከኤንቪዲያ ካርዶች ይሄን ዓይነቱን በሃርድዌር የሚፈታው የአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አይችሉም፣ የዋጋቸው ትልቅነት አይሸውዳችሁ። የኢንቴል ሲፒዩ ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ግን ቀድሟቸው ይሠራው ነበር። አያስቅም?

አሁን ወደ ስሪዲዎቹ፣ ብሌንደርና ሲኒማ ፎርዲ ወዳላችሁት። እናንተ ጋ ጥያቄው «ሬንደር የምታደርጉበት ሞተር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ብሌንደር ውስጥ ያለው ሳይክልስ ሁሉንም ይቀበላል። ኤንቪዲያን በኩዳና በኦፕቲክስ፣ ኤኤምዲን በሂፕ፣ ኢንቴልን በዋንኤፒአይ፣ አፕልን በሜታል፤ እነዚህ ሶፍትዌሩ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርባቸው መንገዶች ናቸው። ኦክቴን የሚባለው ሞተር ዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲያ ካልሆነ አይነሣም። አርኖልድም በግራፊክስ ካርድ ይሥራ ካላችሁት ኤንቪዲያ ይፈልጋል፣ ካልሆነ በሲፒዩ ነው። ሬድሺፍት መጀመሪያ የኤንቪዲያ ብቻ ነበር፣ አሁን ለአፕልም ለኤኤምዲም በሩን ከፍቷል።

«አንተ የኤንቪዲያ ደጋፊ ነህ» የሚለኝ ሰው አለ። አይደለሁም። ኳስ አይደለም እኮ! ኩዳ የወጣው በ2007 ነው። ሌሎቹ ዘግይተው ሲነቁ የሬንደር ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ኮዳቸውን በኩዳ ጽፈው ጨርሰዋል። የምንኖረው በዚያ ውጤት ውስጥ ነው፣ ወደድንም ጠላንም። ብሌንደር 3.0 በታኅሣሥ 2021 በፈረንጆቹ ሲወጣ የኤኤምዲ ካርዶች ይሠሩበት የነበረውን ኦፕንሲኤልን ከሳይክልስ አስወጥቶ ለኤኤምዲ ሂፕን አስገባ። አርኤክስ 580 የሚባለውን የድሮ የኤኤምዲ ካርድ ይዘው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ አፕዴት ወደ ሲፒዩ ተመለሱ። ካርዳቸው አልተበላሸም። ሶፍትዌሩ ነው ጥሏቸው የሄደው። ስለዚህ ካርድ ስትመርጡ የሞተሩን ድረ ገጽ ከፍታችሁ «የሚደገፉ ካርዶች» የሚለውን አንብቡ። ሻጩን አትጠይቁ። ሻጭ ሁሉም ይሠራል ነው የሚላችሁ።

ሁለተኛ። ሚሞሪ። ሰዎች ቪራም የሚሉት።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ። አንድ ሶፋ ወደ ቤት ልታስገቡ ነው እንበል። ተሸካሚዎቹ ጎረምሶች ናቸው፣ እንደ ላባ ያነሡታል። ግን በሩ ጠበበ። ታዲያ ጉልበታቸው ምን ይጠቅማል? ሶፋው ውጭ ያድራል። ቪራም በሩ ነው። የካርዱ ፍጥነት ጎረምሶቹ ናቸው። ሲኑ፣ ማለትም የሠራችሁት ትዕይንት በሙሉ፣ በበሩ ካልገባ ፍጥነት የሚባል ወሬ አይነሣም።

«የእኔ ሲን ትንሽ ነው፣ ፋይሉ 200 ሜጋባይት ብቻ ነው» ትላላችሁ። ተውት። ዲስክ ላይ ያለውን አትመኑት። አብረን እናስላ። አንድ ፎርኬ ቴክስቸር፣ ዕቃው ላይ የሚለበጠው ምስል፣ 4096 በ4096 ፒክስል ነው። ወደ 16.8 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። ለእያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት። 64 ሜጋባይት! ዲስክ ላይ ጄፔግ ሆኖ 5 ሜጋ ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ውስጥ ሲገባ ግን ተዘርግቶ ነው የሚተኛው። ኤይትኬ ከሆነ አራት እጥፍ፣ 256 ሜጋባይት። አሁን አንድ ወንበር ሞዴል አወረዳችሁ። ከለር፣ ራፍነስ፣ ኖርማል፣ ሜታሊክ፣ ዲስፕሌስመንት። አምስት ማፕ፣ ሁሉም ኤይትኬ። አንዱ ወንበር ብቻ 1.25 ጊጋባይት በላ። ስድስት የተለያዩ እንደዚህ ዓይነት ዕቃዎች ክፍሉ ውስጥ ደረደራችሁ፣ 7.5 ጊጋባይት። ሞተሩ ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ማፖች ሊያሳንሳቸው ይችላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ይወርድ ይሆናል። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ጂኦሜትሪው፣ ፀጉሩ፣ ጢሱ፣ ደመናው ገና አልተቆጠሩም። ዊንዶውስ ራሱ ከካርዱ ይቆርጣል። የብሌንደር ቪውፖርትም፣ የምትሠሩበት መስኮት፣ ይቆርጣል። ያ ከፍታችሁ የረሳችሁት 40 ታብ ያለው ብራውዘርም የድርሻውን ይወስዳል። እንግዲህ 8 ጊጋባይት ካርድ ይዛችሁ ምን ቀራችሁ?

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። የምርት ማስታወቂያ ነበር። ደንበኛው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይፈልገዋል። እኔ በቅርቡ የገዛሁት ፈጣን ካርድ አለኝ፣ 8 ጊጋባይት ነው፣ ፍጥነቱን አይቼ ነው የገዛሁት። የመጀመሪያውን ፍሬም ሞከርኩ፣ ቆንጆ፣ ሽው አለ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሬንደር ብዬ ተጫንኩና ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ንጋት 12 ሰዓት ተነሣሁ። ፎልደሩን ስከፍት 41 ፍሬም። ከስንት? ከ375። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ሚሞሪ አለቀ ይላል። ምን ሆኖ መሰላችሁ? በ42ኛው ፍሬም ላይ ጢሱ ይነሣል። ያ እኔ ራሴ «ትንሽ ውበት ይጨምርለታል» ብዬ ማታ ያከልኩት ጢስ! የሞከርኩት ፍሬም አንድን ነው፣ ፍሬም አንድ ላይ ጢስ የለም።

ሮጬ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። እሱ ጋ ያለው ካርድ ከእኔ ቀርፋፋ ነው፣ ሁልጊዜ እስቅበት ነበር። ግን 12 ጊጋባይት ነው። ፋይሉን ሲከፍተው ሳይንገዳገድ ገባ። ለደንበኛው ደውዬ ለከሰዓት አስለወጥኩት፣ በስንት ልመና። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ያችን ጠዋት ያነሣብኛል፤ ሰው ፊት ያነሣብኛል።

ይሄ የእኔ የግል ጣጣ ብቻ አይደለም። ገበያው ውስጥ በግልጽ ያለ ነገር ነው። አርቲኤክስ 3060 ቲአይ ከ3060 ይፈጥናል፣ ግን 8 ጊጋባይት ነው። ቀርፋፋው 3060 ደግሞ 12። እዚህ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ 3060 ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። 12 ጊጋባይቱ አለ፣ በኋላ የመጣ 8 ጊጋባይት ደግሞ አለ፣ ያኛው የሚሞሪ መንገዱም ጠባብ ነው፣ 192 ቢት የነበረው 128 ሆኗል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው። 4060 ቲአይም እንደዚሁ 8 እና 16 አለው። ስም አትግዙ። ቁጥሩን አንብቡ።

«ሚሞሪ ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ ራም ይበደራል አይደል?» የሚል አለ። ይበደራል፣ ሬድሺፍትና ኦክቴን ይሄን ያውቁበታል፣ ሳይክልስም ከኤንቪዲያ ካርድ ጋር ያደርገዋል። ግን ሁሉም ነገር ወደ ውጭ አይወጣም፣ የወጣው ደግሞ ሲመላለስ ፍጥነቱ ይሞታል። ለጭንቅ ቀን ጥሩ ነው፣ የዘወትር ኑሮ ሊሆን ግን አይችልም።

ሌላም አለ። «ሁለት 12 ጊጋባይት ካርድ ገዝቼ 24 አደርገዋለሁ።» አይሆንም! 12 እና 12 እዚህ አገር 12 ነው። (ሳቅ) ሲኑ ሁለቱም ላይ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። ፍጥነቱ ሊደመር ይችላል፣ ሚሞሪው አይደመርም። ኤንቪሊንክ የሚባል ማገናኛ ነበረ፣ 3090 ላይ አለ፣ በ40 ትውልድ ግን ከጌም ካርዶቹ ላይ አነሡት።

ስንት ይበቃል ታዲያ? እኔ የምለውን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል። ለመማርና ለቀላል ሎጎ አኒሜሽን 8 ያስኬዳል። በስሪዲ ገንዘብ መሥራት ከጀመራችሁ ከ12 በታች አትውረዱ። 16 ላይ ሰው እንቅልፍ ይተኛል። 24 እና ከዚያ በላይ ከተማ ለሚገነቡ፣ ደንና ውቅያኖስ ለሚሠሩ ነው።

ግን የእኔን ቃልም አትውሰዱ። ከሠራችሁት ሁሉ ከባዱን ፋይል ክፈቱ። ከባዱን ፍሬም ፈልጉ፣ ጢሱ ያለበትን! ሬንደር አድርጉትና ታስክ ማናጀር ውስጥ ጂፒዩ፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱ፣ የሚለው ጋ «ዴዲኬትድ ሚሞሪ» ስንት እንደደረሰ እዩ። ያ ቁጥር ነው አማካሪያችሁ። እግረ መንገዴን፣ እዚያው ላይ ግራፉ «ስሪዲ» የሚለውን ነው የሚያሳያችሁ፣ ሳይክልስ ሲሠራ እሱ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ሰው ደንግጦ «ካርዴ አይሠራም» ይላል። ከላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጫኑና ወደ «ኩዳ» ወይም «ኮምፒውት» ቀይሩት። ይሄን ብቻ ለማስረዳት ስንት ቤት ሄጃለሁ መሰላችሁ።

ሦስተኛ፣ ፍጥነት።

ፍጥነት ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላም። 30 ሰከንድ አኒሜሽን በሰከንድ 25 ፍሬም 750 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 4 ደቂቃ ከወሰደ 3000 ደቂቃ፣ 50 ሰዓት። ሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት! ደንበኛው «ቀለሟን ትንሽ ቀላ አድርጋት» ካለ እንደገና 50 ሰዓት። ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ካወረዳችሁት ከ19 ሰዓት በታች ያልቃል። ዛሬ ማታ የገባ ነገ ማታ አለ። ኑሮ ይቀየራል።

ግን ያንን አንድ ደቂቃ ተኩል የምታገኙት በካርድ ብቻ ነው ያለው ማነው? አንዲት እህት ላፕቶፗን ይዛ መጣች፣ «ካርድ ልቀይር ነው፣ አንድ ፍሬም ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል» ብላ። ፋይሉን ከፈትነው። ሳምፕል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚወሰደው ናሙና፣ 4096፤ ምስሉ ሲጠራ «በቃ» የሚለው ኖይዝ ትሬሾልድ ጠፍቷል፣ ነጠብጣቡን የሚያጸዳው ዲኖይዘርም የለም። ሳምፕሉን ወደ 256 አወረድነው፣ ዲኖይዘር አበራን። በዓይኗ ልዩነቱን ማየት አልቻለችም። ካርድ ሳትገዛ ሄደች። አንዳንዴ መድኃኒቱ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። በነገራችን ላይ ዲኖይዘር በአኒሜሽን ላይ ሲበዛ ጥላ ውስጥ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ስለዚህ አሥር ፍሬም አውጥታችሁ አጫውታችሁ እዩ፣ አንድ ምስል ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ካርድ ስታወዳድሩ የጌም ቪዲዮ አትዩ። በጌም በሰከንድ 140 ፍሬም መጣለት ማለት ስለ ሳይክልስ ምንም አይነግራችሁም። ለብሌንደር ሰዎች ብሌንደር ኦፕን ዳታ የሚባል አለ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ካርድ ውጤት የሚለጥፍበት። ለኦክቴን ኦክቴንቤንች አለ። ሬድሺፍት የምትጠቀሙ ሲኒቤንች 2024ን ተመልከቱ፣ የጂፒዩ ፈተናው በሬድሺፍት ነው። በራሳችሁ ሞተር የተለካውን ቁጥር ውሰዱ። የሬይ ትሬሲንግ ኮር፣ የብርሃን ጨረርን ለማስላት የተሠራ ክፍል፣ ያላቸው ካርዶች፣ በ2018 ከወጣው ከአርቲኤክስ 20 ጀምሮ ያሉት፣ በኦፕቲክስ ሲሠሩ ከኩዳ በደንብ ይፈጥናሉ። ብሌንደር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦፕቲክስን ምረጡ። ካርዱን ገዝቶ ሲፒዩ ላይ ሲያስጮኸው የኖረ ሰው አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም። (ሳቅ) እሺ፣ ለአንድ ሳምንት እኔም ነበርኩ።

ላፕቶፕ የምትገዙ ስሙኝ። ስሙ ያው፣ ካርዱ ሌላ! ዴስክቶፕ ላይ ያለው 4090 24 ጊጋባይት ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ያለው 4090 16 ነው፣ ቺፑም ራሱ አንድ አይደለም። 4070 ዴስክቶፕ ላይ 12፣ ላፕቶፕ ላይ 8። በዚያ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ለካርዱ ብዙ ዋት ይሰጠዋል፣ ሌላው በረሃብ ያኖረዋል። ዋቱን ሳታዩ አትግዙ።

የባለሙያ ካርድ ስለሚባሉት በአጭሩ። ድሮ ኳድሮ ይባሉ ነበር። አርቲኤክስ ኤ6000 48 ጊጋባይት አለው። እንዲህ ዓይነት ሚሞሪ በእውነት የሚፈልግ ስቱዲዮ ይግዛው። ለእኛ ለአብዛኞቻችን የጌም የሚባለው ካርድ ይበቃል። ድራይቨሩን ግን ስቱዲዮ የሚለውን አድርጉት። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር እየተጣደፈ የሚመጣውን ድራይቨር ሥራ መሀል ላይ አትጫኑ።

አራተኛ። ኤሌክትሪክና ሙቀት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስሙኝ።

አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ይበላል። 4070 200። 3090 350። 4090 450። 5090 ደግሞ 575! ይሄ ካርዱ ብቻ ነው፣ ሲፒዩው የራሱን ይፈልጋል። በዚያ ላይ ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ይስባል፣ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን አፍ ለአፍ ገጥማችሁ አትግዙ፣ ትርፍ ይኑረው። አንድ ጊዜ የእኔ ኮምፒውተር ሬንደር መሀል ላይ ቂው ብሎ ይጠፋ ጀመር። ፊልም ሳይ አይጠፋም፣ ስጽፍ አይጠፋም፣ ሬንደር ሳደርግ ብቻ። ዊንዶውስን ሁለት ጊዜ ጫንኩ። ራም ቀየርኩ። ቫይረስ ነው አልኩ። በመጨረሻ ሲገኝ ያቺ የድሮዋ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ናት፣ ከአቅሟ በላይ ጭኜባት። ካርድ ሳሻሽል እሷ ትዝም አላለችኝ።

አዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች ላይ ያለችው ባለ 16 ፒን ማገናኛም አለች። 4090 በ2022 ሲወጣ ማገናኛዋ ቀልጣ የተገኘችባቸው ካርዶች ነበሩ፣ ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ እስከ መጨረሻ ሳትገባ መቅረቷ ነው። እስክትገጥም ግፏት። ሽቦውን ከሥሩ አትጠምዝዙት። ኬዛችሁንም በሜትር ለኩ፣ ትልልቆቹ ካርዶች ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ናቸው። የኬዙን ብረት በመጋዝ የቆረጠ ሰው አይቻለሁ፣ አትሳቁ፣ ቸኩሎ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ጌም የሚጫወት ሰው መሀል ላይ ያርፋል፣ ሜኑ ይከፍታል። ሬንደር አያርፍም። አሥር ሰዓት ሙሉ መቶ በመቶ ነው። ካርዱ ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ እናንተም «ማታ ፈጣን ነበር፣ ሌሊት ምን ነካው?» ትላላችሁ። አቧራውን አራግፉ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ? አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ፓወር ሊሚት ወደ 80 በመቶ አወርደዋለሁ። የምታጡት ፍጥነት ጥቂት ነው፣ ክፍሉ ግን ምጣድ መሆኑን ይተዋል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ሬንደር ስታደርጉ ደግሞ ወደ ምስል ፍሬሞች አውጡ፣ በቀጥታ ቪዲዮ ፋይል አታድርጉት። ማሽኑ መሀል ላይ ቢጠፋ ፍሬሞቹ አሉ፣ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ፋይል ከሆነ ግን ሁሉም ነው የሚሄደው።

አራት ብዬ ነበር፣ አንድ ልጨምር፣ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ያገለገለ ካርድ። በመስከረም 2022 በፈረንጆቹ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ማይኒንግን፣ ማለትም በካርድ እያሰሉ ገንዘቡን ማውጣትን፣ ሲተው ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ማይኒንግ ላይ የዋለ ካርድ ሁሉ ሞቷል የሚባለውን አልቀበልም፣ ደህና የተያዘ አለ። ግን ሳይሞከር አይገዛም። ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ስሙ የተቀየረ፣ የድሮ ቺፕ በአዲስ ስም የለበሰ ካርድ አለ፣ ፕሮግራሙ ብዙዎቹን «ፎርጅድ» ብሎ ይነግራችኋል። ከዚያ የራሳችሁን ፋይል ክፈቱና ግማሽ ሰዓት አስሩጡት። ሻጩ «አምስት ደቂቃ ይበቃል» ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። እኔ ለአምስት ደቂቃ እሺ ብዬ የገዛሁት ካርድ በ20ኛው ደቂቃ ላይ ነው ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ማውጣት የሚጀምረው። አንድም ቀን ቀድሞ አያውቅም፣ ሰዓት አክባሪ ነው።

እሺ፣ ጥያቄ? አንቺ፣ እዚያ ጥግ ያለሽው።

«አዲሱ ትውልድ እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ?» ሥራ አለሽ? አሁን የቆመብሽ ሥራ ካለ አሁን ግዢ። ሥራው ሳይቆም «አዲስ ይወጣል» እያልሽ ከሆነ ግን ጠብቂ፣ አዲስ ሲወጣ የድሮውም ዋጋ ሊወርድ ይችላል። መጠበቅ ማለቂያ የለውም፣ ሁልጊዜ አንድ የሚወጣ አለ።

ሌላ? እሺ፣ አንተ ወንድሜ።

«እኔ ያለኝ 8 ጊጋባይት ነው፣ መቀየር አልችልም፣ ሲኔ ደግሞ አልገባ አለኝ። ምን ላድርግ?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም ጥሩው ነው። ብሌንደር ነው? እሺ። ሲምፕሊፋይ የሚለው ውስጥ ገብተህ የቴክስቸር ልክ አስቀምጥለት፣ ከካሜራ የራቀ ዕቃ ኤይትኬ አያስፈልገውም፣ ቱኬ ይበቃዋል። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ሩቡን ነው የሚበላው። ዛፉን ስታበዛ በኮፒ ሳይሆን በኢንስታንስ፣ ማለትም ያንኑ አንድ ዛፍ ደጋግሞ በሚጠቅስ ቅጂ፣ አብዛው፣ አልት ዲ። ከዚያ ጀርባውንና ፊቱን ለየብቻ ሬንደር አድርገህ ኮምፖዚት ላይ ግጠማቸው። ፋይሉ አሁን አብሮህ አለ? ፍላሽ ላይ? ና እንግዲህ፣ ወደዚህ ና፣ ፕሮጀክተሩ ላይ እንክፈተውና ሁላችንም እንየው። ቁጥሩ ስንት ላይ እንደሚቆም እናያለን።

ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ያንን ብራውዘር ዝጋው።